የማይነክሰው የከበሮ ከንፈር

ደስታ የሚባለውን ነገር አጥብቆ የመረመረ፣ ገለባውንም ከፍሬው የለየ አስተዋይ ሰው፣ ከሥሩ አንዳች የሞተ ነገር ሳያገኝ አይቀርም። ሰርጉን ያደመቀው ሥጋ ትናንት በመስክ ሲቦርቅ የዋለ ሰንጋ ነበር፤ ሙሽራዪቱ ያጌጠችበት ወርቅም ከምድር ሆድ በብዙ ሰው ወዝ የተማሰ ነው። ማኅሌቱን የሚያሞቀው፣ የሊቃውንቱን እግር ከመሬት የሚያነሣው ከበሮም ቢሆን ከተቆረጠ ዋንዛና ከታረደ ከብት ቁርበት የተበጀ፣ ሆዱ ባዶ፣ ፊቱ ለጥፊ የተሰጠ ፍጥረት ነው። ሰው ግን ድምፁን ሰምቶ ያጨበጭባል እንጂ አሠራሩን አይጠይቅም፤ በመቺው መዳፍና በቁርበቱ መካከል የምትቀመጠውን፣ ከአንድ ጣት የማትሰፋውን የእንጨት ከንፈር ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? እኔ የምጽፍልህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለዚያች ከንፈር ነው፤ ነገሩ ትንሽ መስሎህ እንዳትንቀው አደራ፤ ከሷ የተነሣ ሦስት ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው የማይለቃቸውን ኀዘን ተሸክመዋልና።

በጎጃም ምድር፣ ጽጌ አምባ በምትባል፣ ወይራና ጽድ በከበቧት የመድኃኔ ዓለም ደብር፣ መሪጌታ ሥነ ጊዮርጊስ የሚባሉ፣ በዜማቸው የተመሰገኑ፣ በትሕትናቸው የተወደዱ ሊቅ ነበሩ። ዝማሜውን በመቋሚያ፣ ወረቡን በጸናጽል የሚያውቅ ደብተራ በየደብሩ ሞልቷል፤ ከበሮን እንደሳቸው የሚመታ ግን በዚያ አውራጃ አልተገኘም። እሳቸው ከበሮውን ባነገቱ ጊዜ ጸናጽሉ ይታዘዛል፣ መቋሚያው ይሰግዳል፣ ሽማግሌው ጉልበቱን ይረሳል፤ ሌላው ግን የሳቸውን አይቶ እጁን በዘረጋ ጊዜ፣ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ተረት በአደባባይ ይፈጸምበት ነበር። ልጅ አልወለዱም። በልጅ ፋንታ ያሳደጉት የባለቤታቸውን የወይዘሮ የውብዳርን ታናሽ ወንድም ጫኔን ነው፤ የጫኔ አባት የደብሩ ከበሮ ጠፋሪ፣ ማለት ቁርበቱን ወጥሮ በጠፍር የሚያስር ባለሙያ ነበርና፣ ልጁም አድጎ የአባቱን መሮና ሞረድ ወረሰ። መሪጌታ ዜማ ሊያስተምሩት ደክመው ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ቅል የሚያንቋርር ሆኖ ቢያገኙት፣ «ልጄ ሆይ፣ አንተ ብትዘምር ታቦቱ ይሸሸናል፤ በእጅህ ዘምር» ብለው እየሳቁ አሰናበቱት። ጫኔም ይህን ቃል እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሹመት ተቀብሎ፣ ጢሙ እስኪሸብት ድረስ በእጁ ሲዘምር ኖረ።

ዘመን ግን ሰውንም ዕቃንም በአንድነት የሚያስረጅ ነውና፣ የደብሩ ታላቅ ከበሮ አረጀ። ከንፈሩ፣ ማለት ቁርበቱ የሚታጠፍበት የእንጨቱ አፍ ጠርዝ፣ ተሸራርፎ ሾለ፤ የጠፍሩም ቋጠሮዎች ወደ ላይ ሽቅብ ወጥተው የመቺውን መዳፍ ይቀበሉት ጀመር። በጥምቀት ሰሞን ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ መሪጌታ ከወንዙ እስከ ደጀ ሰላሙ ከበሮውን ካንገታቸው ሳያወርዱ መቱ፤ ቤታቸው ገብተው ወይዘሮ የውብዳር እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ስታጥብ መዳፋቸው ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ለማንም አልተናገሩትም እንጂ፣ ከዓመት ወዲህ የጣቶቻቸው አንጓዎች ይጠዘጥዟቸው፣ ክንዳቸውንም ጉንዳን እንደ ወረረው ያህል ይነዝራቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ሁሉ በከበሮው አሳበቡ። በማግሥቱ ጫኔን ከዋርካው ጥላ ሥር አስቀምጠው የተጠቀለለ እጃቸውን አሳዩት።

«ይህ ከበሮ ጠላኝ መሰለኝ» አሉት። «ዕድሜዬን ሙሉ ስመታው ኖሬ ዛሬ ብድሩን መመለስ ጀመረ። ልጄ፣ እኔ ርስት የለኝ፣ ዘር የለኝ፤ ያለችኝ ይህች እጅ ናት። እሷ እንቢ ካለች ከማኅሌቱ ወጥቼ ምን እሆናለሁ? የማይነክስ ከንፈር አብጅልኝ።»

«የኔታ፣» አለ ጫኔ ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ «እርስዎ አሳድገውኛል፤ ለትንሣኤ የሚያነግቱት ከበሮ እንደ ሕፃን ጉንጭ ካልለሰለሰ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።» ይህም ቃል ለሱ ተራ ቃል አልነበረም፤ በአባቱ ከመማል በላይ የሚምልበት አልነበረውምና።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም እንደሚሉ፣ ሊቃውንቱም ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ እንደሚያዜሙ ታውቃለህ፤ ስለዚህ በጽጌ አምባ ከበሮ የሚታደሰው በዚሁ ወራት ነው፤ ዝም ያለ በሽተኛ ለመታከም ይመቻልና። ነገር ግን ይኸው መልካም ሥርዓት ለጠፋሪው አንድ መከራ አለበት፤ ያደሰውን ከበሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ መትቶ ሊሞክረው አይችልም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያሰማው ጾም እንደ ሻረ ይቆጠርበታል። እንግዲህ ጫኔ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑና በገላው ብቻ ተማምኖ ሥራውን ጀመረ። አሮጌውን ቁርበት ፈትቶ አወረደ፤ የዋንዛውን አፍ በመሮ አጐደለ፣ በሞረድ አለዘበ፤ ጠርዙንም ወደ ውጭ አጕብጦ፣ የሚያርፍበት መዳፍ ስለት ሳይሆን ለስላሳ ጕብታ እንዲያገኝ አደረገው። ከታረደ ወይፈን ቆዳ ከጀርባው ሳይሆን ሳሳ ካለው ከጎኑ መርጦ፣ ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ ጠጕሩን ፍቆ፣ በኑግ ዘይት አሸው። ከዚያም የቀርቀሃ ቀለበት ጠምዝዞ ከከንፈሩ ዝቅ አድርጎ ከቁርበቱ ጋር ሰፋው፤ ጠፍሮቹ ሁሉ ከዚህ ቀለበት እንዲያዙ፣ ቋጠሮዎቻቸውም እጅ ከማይደርስበት ከወገቡ እንዲቀሩ ነው። ፀሐይ ያደረቀው ቁርበት ይሰነጠቃልና እርጥቡን ወጥሮ በጥላ አስቀመጠው። የገዛ መዳፉ በሥራ ብዛት ደንድኖ ምንም ስለማይለይ፣ በየማለዳው ተንበርክኮ ከንፈሩን በጉንጩ ይዳብስ ነበር፤ መንገደኛም አይቶ «ጫኔ ከበሮ አግብቷል» እያለ ይስቅበት ነበር።

ነገር ግን የሰው ጥበብ ሁልጊዜ በአንድ ክር አጭር ናት። ከጠፍሮቹ አንዱ ሲወጠር አልደርስ አለ፤ ሌላ እርጥብ ጠፍርም በእጁ አልነበረምና፣ ጫኔ «ሲደርቅ እከረክመዋለሁ» ብሎ ከቀለበቱ በላይ፣ ከከንፈሩ ሥር በቁራጭ ቀጠለው። ቋጠሮዋ ደርቃ እንደ ቀንድ ጠነከረች። ሊከረክማት ያሰበበት ቀን ግን ሰሙነ ሕማማት የገባበት ቀን ሆነ፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ በጽጌ አምባ ጉልበት ይሰግዳል እንጂ እጅ አይሠራም፤ ቢላዋውን ከምሰሶው ላይ ሰክቶ ለስግደት ወጣ። በቀዳም ሥዑር ወይዘሮ የውብዳር ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ነጭ ልብስ አምጥታ ከበሮውን አለበሰችው። ሊቃውንቱ የከበሮው ልብስ የጌታ መግነዝ፣ ጠፍሩም የግርፋቱ ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ቋጠሮዋም ከመግነዙ ሥር ገብታ ተሰወረች። ስግደት አጥንቱን ያደከመው ጫኔም ፈጽሞ ረሳት።

በዚያው በጾሙ ማብቂያ በመሪጌታ ቤት ሌላ ነገር ታይቶ ነበር። ወይዘሮ የውብዳር የንፍሮውን ድስት ከምድጃ ልታወርድ ጨርቅ ስትፈልግ፣ መሪጌታ በባዶ እጃቸው አንሥተው ከመሬት አኖሩት፤ ደንግጣ ብትጮህ፣ «ምነው? በርዷል እኮ» አሏት። ድስቱ ግን ገና ይንተከተክ ነበር። እሷ ይህን ባየች ጊዜ ወደ ልቧ የመጣው ደዌ አይደለም፤ ከእቶን እሳት የወጡት ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው። ባሏ በጾምና በስግደት ብዛት ከእሳት ሥልጣን በላይ የሆነ መስሏት ከምድጃው አጠገብ ወድቃ አመሰገነች። እሳቸውም የጣታቸው ጥዝጣዜ፣ የክንዳቸውም ንዝረት ለቋቸው ስለ ነበር ጸሎታቸው የተሰማ መሰላቸው። ለጫኔ ብትነግረው፣ «እታለም፣ እኔስ ድሮም ቅዱስ መሆናቸውን አውቃለሁ» ብሎ ደስ አለው። በሕማማት መጨባበጥና መሳሳም የተከለከለ ነውና፣ እጃቸውን ጨብጦ ጉዱን የሚያውቅ ወዳጅም አልተገኘም። አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅባቸው፤ ሰው ሁሉ ከሚፈራው ይልቅ የሚመኘውን ማመን ይቀለዋል፤ አንተም እኔም እንዲሁ ነን።

ትንሣኤ ሆነ። ዝም ብሎ የከረመው ከበሮ በመሪጌታ ሥነ ጊዮርጊስ አንገት ተንጠልጥሎ ድምፁን ባሰማ ጊዜ፣ ደብሪቱ ከመሠረቷ የተነቃነቀች መሰለች። ድምፁ ጥልቅ ነበር፣ የጠራም ነበር፤ በዝግታ ተነሥቶ እንደ ወንዝ ሙላት ቀስ በቀስ ከፍ አለ፤ ሴቶች እልል አሉ፣ አረጋውያን መቋሚያቸውን ጥለው አሸበሸቡ። መሪጌታ ከጥምቀት ወዲህ በፍርሃት ቆጥበውት የነበረውን ክንድ ዛሬ ያለ ምሕረት ለቀቁት፤ የመቱት እንደ ጐልማሳ ነው። ጫኔ ከምዕመናኑ ኋላ ከግንቡ ተጠግቶ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ምት በጉንጩ እየተቀበለ ያለቀሰው ልቅሶ፣ በዕድሜው ካለቀሰው ሁሉ የጣፈጠው ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ዳግመኛ አላገኘውም።

ጎሕ ቀዶ ሕዝቡ እርስ በርሱ «እንኳን አደረሰህ» እየተባባለ ሲሳሳም፣ መሪጌታ ከበሮውን እንዳነገቱ ወደ ጫኔ መጡ፤ ፊታቸው ያበራ ነበር።

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉት። «ቃልህን ፈጸምክ። ምንም አላመመኝም፤ ደመና የመታሁ ያህል ነው።»

ጫኔ እጃቸውን ሊሳለም ጐንበስ አለ፤ ከንፈሩ ግን እርጥብ ነገር ነካ። ቀና ብሎ ቢያይ መዳፋቸው ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ተቀድዶ፣ ደሙ በእጅጌያቸው ወርዶ፣ የከበሮውም ነጭ ልብስ በቀኝ አፉ ዙሪያ ቀልቷል። ያን ጊዜ ያልተከረከመችው ቋጠሮ ትዝ አለችው። ነገር ግን ያስደነገጠው የቋጠሮዋ ነገር አልነበረም፤ እንዲህ የተቀደደ እጅ «አላመመኝም» ማለቱ ነው።

«የኔታ፣ እጅዎ ቆስሏል።»

«የማን እጅ?» አሉ መሪጌታ፤ እጃቸውንም ገልብጠው አዩት።

ጫኔ አውራ ጣቱን በቍስሉ ዳር አሳረፈና ጫን አደረገ። «ይህ ይሰማዎታል?» ቢላቸው ፊታቸው እንኳ አልተኰሳተረም። በቀስታ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ከክርናቸው በታች ጠጕሩ የረገፈ፣ ከቀረው ገላ የነጣ ቦታ ነበር፤ ሁለቱም ያን ቦታ ተመለከቱ። ኦሪት ዘሌዋውያንን ስንት ጊዜ ለተማሪ የተረጐሙ ሊቅ ናቸውና፣ ስሙን የሚነግራቸው ሌላ ሊቅ አላስፈለጋቸውም። በዚያ ዘመን ደዌ ሥጋ፣ ማለት ለምጽ፣ የያዘው ሰው ከማኅሌትም ከማዕድም ይለያል፤ ቤቱንም ጎረቤት ይሸሸዋል።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን የሠራህልኝን ከበሮ ገና ዛሬ መምታቴ ነው። ቢያንስ እስከ ጰራቅሊጦስ ልምታው። ዛሬ ካወቁብኝ ዛሬ ያወጡኛል፤ እታለምህንም እሳት የሚያቀብላት አታገኝም። ሸፍነኝ።»

ደሙን ያየው የደብሩ አለቃ ሕዝቡን አስከትለው «ምንድን ነው ይህ?» እያሉ ቀረቡ። ጫኔ ወደ እኅቱ አየ፤ ልብሱን የፈተለችባቸው እጆቿ ከደረቷ ላይ ነበሩ። ከዚያም ከአለቃው እግር ሥር ወድቆ፣ «የኔ ጥፋት ነው፣ አባታችን። ቋጠሮ ሳልከረክም ትቼ የየኔታን እጅ ቀደድሁት» አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነትን ለመሰወር ደግሞ ከሌላ እውነት የተሻለ መሸፈኛ የለም። ልብሱን ገልጠው ቋጠሮዋን ባዩ ጊዜ ሕዝቡ አጕረመረመ፤ ከወጣቶቹ ደብተራዎች አንዱ፣ «ለከርሞ ደግሞ ጦር ትከልበት!» ቢል ሳቁ ግቢውን ሞላው። አለቃውም፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ደብር ከበሮ እጅህ እንዳይነካው» ብለው ፈረዱ። የአባቱና የአያቱ ሙያ በዚያች ማለዳ ከጫኔ እጅ ወጣ፤ መሪጌታም የተጠቀለለ እጃቸውን ይዘው ቆመው ሰሙ፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን አልተናገሩም። ስለዚያ ዝምታቸው እስኪሞቱ ድረስ ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

በሐሰት ያልተገዛች፣ ግን በዝምታ የተገዛች ያች ጥቂት ጊዜ አልቆየችም። ጣቶቻቸው ቀን በቀን ወደ ውስጥ ይታጠፉ ጀመር። ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ፣ በአንድ ሰንበት ማኅሌት መካከል፣ እጃቸው ቁርበቱን መምታቱንና አለመምታቱን መለየት አቃታቸው፤ ምቱ ተዛነፈ፣ ጸናጽሉም ግራ ተጋብቶ ቆመ። መሪጌታ ከበሮውን ካንገታቸው አወረዱ፣ ከንፈሩን ተሳለሙት፣ ከዚያም እጅጌያቸውን ራሳቸው ወደ ላይ ሰብስበው ክንዳቸውን ለሊቃውንቱ አሳዩ። ማንም ሳያስወጣቸው በገዛ እግራቸው ወጡ። ወይዘሮ የውብዳርም ድስቷንና የመኝታ ቍርበቷን በጀርባዋ አዝላ ተከተለቻቸው፤ «ተመለሺ» ቢሏት፣ «የምመለስበትን ቤት ይዘውት ወጥተው ወዴት እመለሳለሁ?» አለቻቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገሩን ተረዳ፤ ነገር ግን በጫኔ የሳቀው ሕዝብ ስሙን ሊመልስለት አላሰበም፤ እሱም አልጠየቀም።

ከአምባው በታች፣ ከፀበሉ ዳር ድውያን በሚሰፍሩበት ሥፍራ ጎጆ ቀለሱ። ጫኔ እህል ይዞ ይወርዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የእኅቱን ጎጆ ይከድናል። በክረምቱ መግቢያ መሪጌታ አንድ ነገር ለመኑት።

«አንዲት ትንሽ ከበሮ ሥራልኝ። ከንፈሯ ግን የምትነክስ ትሁን፤ ስለታም አድርጋት። ያን ጊዜ የማይነክስ ብዬህ አስቸገርሁህ፤ አሁን የምትነክሰውን ስጠኝ። ምናልባት አንድ ቀን ይሰማኝ እንደ ሆነ።»

ጫኔ ክረምቱን ሙሉ ሠራት። ከደብሩ ከበሮ ተከልክሎ የተረፈ ጥበቡን ሁሉ በሷ ላይ አፈሰሰው፤ በሕይወቱ ከሠራቸው ከንፈሮች ሁሉ የሷን ያህል የለሰለሰ፣ ዘይት የጠገበ፣ ቋጠሮው የራቀ አልነበረም። አምጥቶ ሲያስረክባቸው ግን ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ስለታም ናት፣ የኔታ፤ ምላጭ ናት። ተጠንቅቀው በዝግታ ይምቷት» አላቸው። ወይዘሮ የውብዳር በጣቷ ዳበሰቻት፣ ወንድሟንም ቀና ብላ አይታ ከበሮዋን ለባሏ አቀበለች። መሪጌታ ግን አምነው፣ እንደ ተጠነቀቀ ሰው በዝግታ ይመቱ ስለ ጀመሩ መዳፋቸው መቍሰሉን ተወ። በየቀኑም ከመቱ በኋላ እጃቸውን አዙረው እያዩ፣ «ዛሬም አልነከሰችኝም» ብለው ይተክዙ ነበር።

የጽጌ ወራት ገባ። አንድ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከአምባው ላይ የማኅሌተ ጽጌ ከበሮ ተሰማ፤ የሚመታው ያ የሳቀው ወጣት ደብተራ ነበር፤ ምቱም ገና ያልበሰለ ነው። መሪጌታ ከታች ሆነው በትንሿ ከበሮ ያጅቡት፣ ሲሳሳትም ያቀኑት ነበር፤ እሱ ግን አይሰማቸውም። ድንገት እጃቸውን ከቁርበቱ ላይ አነሡና ፊታቸው እንደዚያ እንደ ትንሣኤ ማለዳ በራ።

«ጫኔ! ነከሰችኝ! ልጄ፣ ትንሽ ናት፣ ግን ነከሰችኝ!»

ጫኔ ከንፈሯን አየ፤ የምትነክስበት ጥርስ እንደሌላት ከሱ በቀር የሚያውቅ እኅቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ፊቷን ወደ ጎጆው ግድግዳ መልሳለች። «ተመስገን፣ የኔታ» አለ። «ምላጭ ናት ብዬዎት አልነበር?» ይህን ብሎ ውኃ የሚቀዳ መስሎ ከጎጆው ጀርባ ዞረ፤ ባዶውንም እንስራ እንዳቀፈ ከመሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከላይ የደብሩ፣ ከታች የመሪጌታ ከበሮ እየተከታተሉ ይመቱ ነበር። ሕመም ከአንዱ ሰው ሥጋ የተሰደደ እንደ ሆነ አገር ጥሎ አይጠፋም፤ በሚወደው ሰው ልብ ውስጥ ጎጆውን ይቀልሳል እንጂ።